ስለ ተጠራቀመ ገንዘብና ስለ ቤት እድሳት

ገንዘብ ማጠራቀም መልካም ልማድ ነው። ሰው ዛሬ ያገኘውን ኹሉ ዛሬ ቢጨርሰው ነገ ባዶ እጁን ይቀራል። ከሚያገኘው ላይ ጥቂት ጥቂት እየቀነሰ ቢያስቀምጥ ግን ጥቂቱ እያደረ ብዙ ይኾናል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይኼዳል» መባሉ ስለዚህ ነው።

ነገር ግን ገንዘብ የሚያጠራቅም ሰው አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ማወቅ ይገባዋል። ገንዘቡን መጠበቅ ያለበት ከሌባ ብቻ አይደለም። ሌባ በር ሰብሮ ይገባል፤ የዝናብ ጠብታ ግን በሩ ተዘግቶ ሳለ በጣራ በኩል ይገባል። ምስጥም ከመሬት በታች ተነሥቶ በምሰሶው ውስጥ ለውስጥ ይወጣል። ሌባ በመጣ ጊዜ ሰው ኹሉ ይጮኻል፤ ስለ ጠብታና ስለ ምስጥ ግን የሚጮኽ የለም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ሌባ ካጠፋው ይልቅ ጠብታና ምስጥ ያጠፉት ይበልጣል።

፩ የቤት ጠላቶች

በአገራችን ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ ቤት ብዙ ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው። አስቀድሞ ቋሚ እንጨት ይተከላል፤ በቋሚውም ላይ ማገር ይታሰራል። ከዚያ በኋላ አፈር ከጤፍ ጭድና ከውሃ ጋራ ተቀላቅሎ በእግር ይረገጣል፤ ጥቂት ቀንም ከቈየ በኋላ ግድግዳው ይመረግበታል። ጭዱ እንደ ጅማት ኾኖ ጭቃውን ስለሚይዘው፥ ግድግዳው ሲደርቅ ብዙ አይሰነጠቅም። ክዳኑም ሣር ወይም ቆርቆሮ ይኾናል። እንዲህ ያለው ቤት ሌሊት ብርድን፥ ቀን ፀሐይን ይከላከላል፤ ወጪውም ከድንጋይ ቤት ያነሰ ነው። ነገር ግን ኹለት ጠላቶች አሉት፤ አንደኛው ውሃ፥ ኹለተኛው ምስጥ ነው።

ጭቃ በደረቀ ጊዜ እንደ ሸክላ ይጠነክራል፤ በራሰ ጊዜ ግን ተመልሶ ይለሰልሳል። ስለዚህ የጣራው ጠርዝ ከግድግዳው አልፎ ወደ ውጭ ሊወጣ ይገባል፤ ከጣራ የሚወርደው ውሃ ግድግዳውን እንዳይነካው ነው። በግድግዳው ሥርም የጐርፍ መኼጃ ቦይ ያስፈልጋል። ቦዩ በአፈርና በቅጠል ከተደፈነ ውሃው በግድግዳው ሥር ይተኛል፤ የተኛውም ውሃ ቀስ እያለ መሠረቱን ያለሰልሰዋል።

ምስጥ ትንሽና ነጭ ነፍሳት ናት። ብቻዋን አትኖርም፤ በመሬት ውስጥ ከብዙ ሺህ ወገኖቿ ጋራ በአንዲት ንግሥት ዙሪያ ትኖራለች። ከመካከላቸው ሠራተኞች አሉ፥ ወታደሮችም አሉ። ምግባቸው እንጨት፥ ሣርና ይህን የመሰለ ነገር ነው። ሰውነታቸው ለስላሳ ስለ ኾነ ፀሐይና ነፋስ ያደርቃቸዋል፤ ስለዚህ ወደ እንጨት ሲኼዱ አፈር በምራቃቸው እያጣበቁ ጠባብ መንገድ ሠርተው በዚያ ውስጥ ያልፋሉ። በግድግዳ ወይም በምሰሶ ላይ እንደ ጅማት የተጋደመ የአፈር መሥመር ያየ ሰው ምስጥ እንደ መጣበት ይወቅ። ምስጥ የእንጨቱን ልብ ይበላል፤ ላዩን ግን እንዳለ ይተወዋል። እንዲህ ያለው እንጨት ለዓይን ጤነኛ ይመስላል፤ በጣት ሲመቱት ግን እንደ ከበሮ ባዶ ድምፅ ይሰጣል።

እንጨት ኹሉ አንድ አይደለም። ጥድና ወይራ ምስጥን ይቋቋማሉ፤ ስለዚህ የጥንት ሰዎች ለምሰሶ ይመርጧቸው ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ፥ የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ የኾነው፥ ፈጥኖ ያድጋል፤ ቀጥ ያለም ስለ ኾነ ለቤት ሥራ ይመቻል። ነገር ግን ምስጥ ቶሎ ይደፍረዋል። ባሕር ዛፍ የተከለ ሰው ቤቱን ቶሎ ይሠራል፤ ቶሎ ቶሎም ሊያየው ይገባል።

፪ ሸማኔውና በቅሎው

በሸዋ ደጋ በአንዲት ትንሽ ከተማ አንድ ሸማኔ ነበረ። ዘመኑም ሰው በማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር የሚገበያይበት ዘመን ነበረ። ሸማኔው ከጧት እስከ ማታ በሽመና ጉድጓዱ ተቀምጦ መወርወሪያውን ሲወረውር ይውላል፤ ሚስቱም ጥጥ እያባዘተች ትፈትላለች። ሸማው በተሠራ ጊዜ ሰውየው በትከሻው ተሸክሞ ወደ ሩቅ ገበያ በእግሩ ይኼዳል። በመንገድም አንድ ሌሊት ያድራል። ሲመለስ እግሩ ስለሚያብጥ ኹለት ቀን ያህል ሥራ ይፈታ ነበር።

ስለዚህ በቅሎ ለመግዛት ቈረጠ። በዚያ ገበያ የምትረባ በቅሎ የምትሸጠው 40 ብር ነበር። ባልና ሚስቱ ተማክረው በየዓመቱ 10 ብር ለማስቀመጥ ተስማሙ። ለዐመት በዓል በግ ያርዱ የነበሩት ዶሮ አረዱ፤ ሚስቲቱም የተቀደደ ቀሚሷን እየጣፈች ለበሰች። ብሩንም በገንቦ አድርገው ከመደቡ ሥር ቀበሩት። ማታ ማታ ትንሹ ልጃቸው «በቅሎዋ መቼ ትመጣለች?» እያለ ይጠይቅ ነበር።

በአራተኛው ዓመት በታኅሣሥ ወር ሚስቱ ቤቱን ስትጠርግ ምሰሶው ሥር የምስጥ አፈር አየች። ቀና ብትልም በስተኋላ በኩል ክዳኑ ሳስቶ ሰማይ ያሳያል። ወደ ባሏ ኼዳ፥ «ምሰሶው ሥር ምስጥ ገብቷል፤ ክዳኑም ሳስቷል። ክረምት ሳይመጣ አናጢ ጠርተው ቢያሳዩት ምናለ?» አለችው።

አናጢው መጥቶ ምሰሶውን በመጥረቢያው እጀታ መታ መታ አደረገና፥ «ከሥሩ ተበልቷል፤ ላዩ ግን ገና ደኅና ነው። የተበላውን ቈርጬ ቀሪውን በድንጋይ ላይ ላቁመው። የሳሳውንም ክዳን ልሙላ፥ የተደፈነውንም ቦይ ልክፈት። ለኹሉም 3 ብር ይበቃል» አለ።

በዚያን ጊዜ በገንቦው ውስጥ 37 ብር ነበረ። ሸማኔውም፥ «40 ሊሞላ የጐደለው 3 ብር ነው። ዛሬ 3 ባወጣ 34 ሊኾን ነው፤ በቅሎዋም ልትርቅ ነው። ቤቱ ከዚህ ቀደም ብዙ ክረምት ችሏል፤ ይህንንም ይችላል» ብሎ አናጢውን አሰናበተው። ሚስቱም ዝም አለች።

በሰኔ 40 ብር ሞላ። ነገር ግን በክረምት መንገዱ ኹሉ ጭቃ ስለ ኾነ፥ ሸማኔው በቅሎዋን በመስከረም ለመግዛት ወሰነ።

በሐምሌ ወር በአንድ ሌሊት ከበረዶ ጋራ ታላቅ ዝናብ ዘነበ። የጣራው ሣር ውሃ ጠጥቶ ከበደ፤ ሥሩ የተበላው ምሰሶ ሸክሙን መቻል አቅቶት ተንቋቃ፥ ወደ አንድ ወገንም ሰመጠ። በስተኋላ ያለው ግድግዳም በተኛው ውሃ ለስልሶ ነበርና ተናደ። ሸማኔው ልጁን አቅፎ፥ ሚስቱም እንዝርቷንና ጥቂት ልብስ ይዛ ወደ ጐረቤት ሸሹ። ከእነርሱ አንድም ሰው አልተጐዳም። ነገር ግን የሽመናው ጉድጓድ ውሃ ሞላ፤ ድርና ማጉ በጭቃ ተበላሸ፤ ሸማው የሚጠቀለልበትም እንጨት ተሰበረ።

በማግሥቱ ሸማኔው ከፍርስራሹ ሥር ገንቦውን ቈፍሮ አወጣ። ከዚያም ቀን ጀምሮ ብሩ መውጣት እንጂ መግባት አላወቀም። በክረምት እንጨት የሚያወርድ ሰው ስለሚጠፋ፥ ለጥድ ምሰሶና ለቋሚ እንጨት 9 ብር ወጣ። የክዳን ሣር የሚታጨደው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ያስቀመጠውን ሰው ለምኖ በ6 ብር ገዛ። አናጢው 5 ብር ወሰደ። ጐረቤቶቹ በደቦ መጥተው ጭቃ ረገጡ፥ ግድግዳም መረጉ፤ ዋጋ አንወስድም ቢሉም ያለ እንጀራና ያለ ጠላ አይሠራምና ለምግባቸው 4 ብር ወጣ። ለጥጥና ለተሰበረው የሽመና ዕቃ 7 ብር ኼደ። በዚያው ሰሞን ደግሞ ልጁ ታሞ ለሕክምናው 3 ብር አስፈለገ። ልጁም ዳነ። ነሐሴ ሲያልቅ ገንቦው ውስጥ የቀረው 6 ብር ብቻ ነበር።

፫ የሽማግሌው ሒሳብ

መስከረም በጠባ ጊዜ ሸማኔው ገንቦውን አጠገቡ አድርጎ በደጁ ተቀምጦ ተከዘ። «በቅሎ እገዛለሁ ስል የገዛኹት እንጨትና ሣር ነው። አራት ዓመት ለከንቱ ደከምን። ከእንግዲህስ ማጠራቀም ሞኝነት ነው፤ ያገኙትን በልቶ መተኛት ይሻላል» አለ።

ይህን የሰማ አንድ ሽማግሌ ጐረቤት አጠገቡ ተቀመጠና፥ «ልጄ፥ ሐዘንህ ይገባኛል። ነገር ግን ሐዘን ሒሳብ አያውቅም። እስቲ አብረን እንቍጠር» አለው። ከመሬትም 40 ጠጠር ለቅሞ በፊቱ ደረደረ።

«ልጅህ ሲታመም ያወጣኸው ስንት ነው?»

«3 ብር ነው፥ አባቴ።»

ሽማግሌው 3 ጠጠር ለብቻ አኖረና፥ «ይህ በማንም ስንፍና የመጣ አይደለም። በሽታ የደግም የክፉም ሰው ቤት ይገባል፤ ስለዚህ ራስህን አትውቀስ። አናጢው በታኅሣሥ የጠየቀህስ ስንት ነበር?» አለው።

«3 ብር።»

ሽማግሌው ሌላ 3 ጠጠር ጨመረና እንዲህ አለ። «በታኅሣሥ ቤትህን ብታድስ ኖሮ የሚወጣው 6፥ የሚቀርህ 34 ነበር። አኹን ግን የወጣው 34፥ የቀረህ 6 ነው። ቍጥሩ አንድ ነው፤ የተለወጠው ቦታው ብቻ ነው። ቦታውንም የለወጠው ዝናቡ ብቻ አይደለም፤ ዝናብ በየዓመቱ በሐምሌ እንደሚመጣ አንተም ታውቃለህ።»

ሸማኔው አንገቱን ደፋ። ሽማግሌው ግን ቀጥሎ እንዲህ አለ። «ደግሞ ለከንቱ ደከምን ያልከው ትክክል አይደለም። ከቍልቍለቱ በታች ያለውን ሸማኔ ታውቀዋለህ። የእርሱም ግድግዳ በዚያው ሌሊት ወደቀ። እርሱ ግን ያጠራቀመው አልነበረውምና በአራጣ ተበደረ፤ የሽመና ዕቃውንም መያዣ ሰጠ። ዛሬ ቤት አለው፥ መሥሪያ ግን የለውም፤ መሥሪያ ከሌለውም ዕዳውን በምን ይከፍላል? ያንተ ብር በቅሎ አልኾነልህም፤ ነገር ግን ቤት ኾኖልሃል፥ መሥሪያ ኾኖልሃል፥ ለልጅህም መድኃኒት ኾኖልሃል። የማንም ባለዕዳ አይደለህም። ይህን ኹሉ ያደረገልህን ነገር ሞኝነት ነው አትበለው።»

ሸማኔው ወደ ሚስቱ ዘወር ብሎ፥ «በታኅሣሥ የነገርሽኝን ባለመስማቴ በደልኹሽ» አላት። እርሷም፥ «ያለፈው አልፏል። እንግዲህ ገንቦው ኹለት ይኹን፤ አንዱ ለበቅሎዋ፥ አንዱ ለቤቱ» አለች።

እንዲሁም አደረጉ። በየዓመቱ ከሚያስቀምጡት 10 ብር 8ቱን ለበቅሎው፥ 2ቱን ለቤቱ ለዩ። በየታኅሣሡም ሰውየው እንጨቱን በመጥረቢያ እጀታ እየመታ፥ ክዳኑን ቀና ብሎ እያየ፥ ቦዩን እየጠረገ ቤቱን ይመረምር ጀመር። በአምስተኛው ዓመት በቅሎዋ ተገዛች። ልጁ በዚያን ጊዜ አድጎ ነበርና፥ ሸማውን ጭኖ ወደ ገበያ የወሰዳት እርሱ ነበር።

፬ ወጪ ሦስት ዓይነት ነው

ከዚህ ታሪክ እንደሚታየው የቤት ወጪ በሦስት ይከፈላል።

አንደኛው ቀኑ የታወቀ ወጪ ነው። የግብር፥ የዐመት በዓልና የትምህርት ወጪ እንዲህ ያለ ነው። ቀኑም መጠኑም ስለሚታወቅ አስቀድሞ ማዘጋጀት ይቻላል።

ኹለተኛው ቀኑ ያልታወቀ፥ መምጣቱ ግን የታወቀ ወጪ ነው። ሣር ይበሰብሳል፤ የቆርቆሮ ምስማር ይዝጋል፤ እንጨት ያረጃል፤ ግድግዳ ይሰነጠቃል። ይህ መቼ እንደሚኾን ማንም አያውቅም፤ እንደሚኾን ግን ኹሉም ያውቃል። ሰዎች «ድንገት ደረሰብኝ» የሚሉት ብዙው ወጪ በእውነት ድንገተኛ አይደለም፤ ሲመጣ እያዩት ዝም ያሉት ነው።

ሦስተኛው በእውነት ድንገተኛ የኾነ ወጪ ነው። በሽታ፥ የመብረቅ እሳትና ይህን የመሰለው ኹሉ ከዚህ ይቈጠራል። ይህን መከልከል አይቻልም፤ ለዚህ የሚረዳ የተቀመጠ ገንዘብና የሚረዳዳ ጐረቤት ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ይባላልና።

በከተማ በድንጋይ ወይም በብሎኬት ቤት የሚኖር ሰውም ከዚህ ነጻ አይደለም። የውሃ ቧንቧ በግድግዳ ውስጥ ሊያፈስ ይችላል፤ የመብራት ሽቦም ያረጃል። የውሃ ሒሳብ ያለ ምክንያት የበዛበት ሰው ማታ ቧንቧውን ኹሉ ዘግቶ ቈጣሪውን ይመልከት። ማንም ሳይቀዳ ቈጣሪው ቢዞር፥ ውሃው በስውር ይፈስሳል ማለት ነው። ይህም የከተማ ምስጥ ነው።

፭ ገንዘብ የሚቀመጥበት ስፍራ

በጥንት ዘመን ሰው ብሩን በገንቦ አድርጎ ይቀብር ነበር። ጠገራ ብር ከብር የተሠራ ስለ ነበረ ምስጥ አይበላውም። በ1937 ዓ. ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ግን የወረቀት ብር በአገሩ ኹሉ ተስፋፋ። ወረቀት የሚሠራው እንደ እንጨት ካለ ነገር ነው፤ ስለዚህ የወረቀት ብር የቀበረ ሰው ለምስጥ ምሳ አዘጋጀ ማለት ነው። ውሃም ያበሰብሰዋል።

በአገራችን የመጀመሪያው ባንክ፥ የአቢሲኒያ ባንክ የተባለው፥ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1898 ዓ. ም. በአዲስ አበባ ተከፈተ። ዛሬ ባንኮች በብዙ ከተሞች አሉ፤ በባንክ የተቀመጠ ገንዘብ ከምስጥ፥ ከእሳትና ከጐርፍ ይጠበቃል። ዕቁብም መልካም ነገር ነው፤ አባሎቹ እኩል ይጥላሉ፥ ዕጣ የወጣለትም ጠቅላላውን ይወስዳል። ነገር ግን ዕጣው የሚወጣበት ቀን ቤት የሚፈርስበት ቀን ላይኾን ይችላል። የተቸገረ ሰው በአባሎቹ ፈቃድ ቀድሞ መውሰድ ቢችልም፥ ዕቁብ ያለው ሰው እንኳ ለክፉ ቀን ጥቂት ለብቻው ማኖር ይገባዋል።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ምሳሌ አስታውሱ። ትንሽ እሳት በቅጠል ይጠፋል፤ ከተቀጣጠለ በኋላ ግን ወንዝ ውሃም ላይበቃው ይችላል። ከትምህርት ቤት ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ዓይናችሁን ከፍታችሁ ግቡ። በምሰሶው ላይ የአፈር መሥመር፥ በጣራው ላይ ቀዳዳ፥ በግድግዳውም ሥር የተኛ ውሃ ብታዩ ለአባትና ለእናታችሁ ተናገሩ። ቦዩንም በገዛ እጃችሁ መጥረግ ትችላላችሁ፤ ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም። የለፉበት ገንዘብ ለሌላ ወጪ ሲኼድ ማየት ያሳዝናል። ቢኾንም የተቀመጠው ብር ቤቱን ካቆመ፥ ሰውንም ከዕዳ ካዳነ፥ ሥራውን ሠርቷል፤ ባለቤቱም ተስፋ ሳይቈርጥ እንደ ገና ከአንድ ብር ይጀምር።

ጥያቄ

1. የጭቃ ቤት ኹለቱ ጠላቶች እነማን ናቸው?
2. ምስጥ የአፈር መንገድ የምትሠራው ስለ ምንድር ነው?
3. ሸማኔው በታኅሣሥ 3 ብር ለማውጣት ያልወደደው ለምንድር ነው?
4. በክረምት የክዳን ሣር ማግኘት የሚያስቸግረው ስለ ምንድር ነው?
5. ሸማኔው ያወጣውን ገንዘብ ኹሉ ደምራችሁ 34 ብር መኾኑን አሳዩ።
6. ሽማግሌው «ለከንቱ አልደከምክም» ያለበትን ምክንያት በራሳችሁ ቃል ተናገሩ።
7. በቤታችሁ ክረምት ሳይገባ መታደስ ያለበት ነገር ምንድር ነው?